የሚያሳድገው ሆርሞን ካለ፣ የአባቴ ጉበት ለምን መልሶ አያድግም?

ከኮምቦልቻ የመጣው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ 58 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ሆዱ አብጦ ደሴ ወስደን ስናስመረምረው፣ በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበቱ ጠጥሯል፣ ሲሮሲስ ነው ተባልን። ኪኒን ጀምሯል። እኔ ግን ጉበት ግማሹ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ መልሶ ያድጋል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ የአባቴ ለምን አያድግም? የሚያሳድገው ሆርሞን ካለ ለምን በመርፌ አይሰጠውም? ‹የዕድገት ንጥረ ነገር አለው፣ ጉበት ያድሳል› እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት አለ፤ ልግዛለት ወይ?»

የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ አይግዙለት። ገንዘቡ ለእንቁላልና ለምስር ይዋል። ምክንያቱን ግን ረዘም አድርጌ ልነግርዎት እፈልጋለሁ። እዚሁ ደሴ ለሕክምና ተማሪዎች ከማስተምራቸው ርዕሶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው፤ ደግሞም ነገሩን በሚገባ የተረዳ ቤተሰብ በቀላሉ አይታለልም።

የአዋቂ ሰው ጉበት ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሕዋሳት ሄፓቶሳይት ይባላሉ። እነዚህ እንደ አንጀት ሽፋን ወይም እንደ ደም ሕዋሳት በየጊዜው የሚተኩ አይደሉም፤ በጤነኛ ጉበት ውስጥ በአንድ ወቅት ሲከፈሉ የሚገኙት እጅግ ጥቂት ናቸው። የሚያስደንቀው ግን የመከፈል ችሎታቸውን አለመጣላቸው ነው። የልብ ጡንቻና የአንጎል ነርቭ ይህን ችሎታ ከሞላ ጎደል አጥተውታል። ሄፓቶሳይት ደሙን እያጣራ፣ ስኳሩን እያከማቸና ሐሞቱን እያመነጨ መከፈል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1931 ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከላቦራቶሪ አይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛውን ቆርጦ የማውጣትን ዘዴ አሳተሙ። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አይጧ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ የጉበቷን ክብደት ትመልሳለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ተቆርጦ የወጣው ክፋይ ተመልሶ አይበቅልም። የሚፋፉት ሳይቆረጡ የቀሩት ክፋዮች ናቸው። ቅርጹ የቀድሞው አይሆንም፤ መጠኑና ሥራው ግን ይመለሳል። በሰውም ተመሳሳይ ነው። የጉበቱን ቀኝ ክፍል፣ ማለትም ከጠቅላላው 60 ከመቶ ገደማውን፣ ለዘመዱ የሚለግስ ጤነኛ ሰው አለ። የቀረው ጉበቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍጥነት ያድጋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ወደ ቀድሞው መጠን ይቀርባል። እርስዎ የሰሙት ይህንን ነው፤ እውነት ነው። ሁለቱም ምሳሌዎች ግን ጤነኛ ጉበት ናቸው፤ ይህን ይያዙልኝ።

የቀሩትን ሕዋሳት የሚቀሰቅሳቸው ምንድን ነው? መልሱ በደም ውስጥ እንዳለ በግልጽ ያሳየው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1967 ታተመ። ፍሬድሪክ ሙልተንና ናንሲ በቸር የሁለት አይጦችን የደም ዝውውር አገናኙ። ከአንደኛዋ ጉበቷን ቀነሱ፤ ሁለተኛዋን አልነኳትም። ያልተነካችው አይጥ ጉበትም ዲ ኤን ኤውን ማባዛት፣ ማለትም ሕዋሳቱን ለመከፈል ማዘጋጀት ጀመረ። ከአንደኛዋ ወደ ሌላዋ የሄደ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለመለየት ግን ሌላ ሁለት አሥርት ዓመታት ፈጀ። ሲገኝም አንድ ሳይሆን ብዙ ነበር፤ የጥያቄዎ መልስ ያለውም እዚህ ብዛት ውስጥ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከአንጀት፣ ከጣፊያና ከቆሽት የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት ፖርታል ቬይን በሚባለው ትልቅ የደም ሥር ጉበት ውስጥ ያልፋል። የጉበቱ ሁለት ሦስተኛ ሲወጣ ያው ደም በቀረው አንድ ሦስተኛ ውስጥ ማለፍ አለበት። እያንዳንዱ ሕዋስ ላይ የሚደርሰው ግፊትም፣ ደሙ የያዘው መልእክትም በአንድ ጊዜ ይጨምራል። በደቂቃዎች ውስጥ በሕዋሳቱ ዙሪያ ያለውን መረብ የሚያላላ ዩሮካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሥራ ይጀምራል። በጉበት ውስጥ የሚኖሩት ኩፕፈር የተባሉ ተከላካይ ሕዋሳት ደግሞ ቲ ኤን ኤፍ አልፋና ኢንተርሊውኪን 6 የተባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። እነዚህ ሁለቱ ራሳቸው ሕዋሱን አያባዙትም፤ ከረጅም ዕረፍቱ አንቅተው ለሚመጣው ትእዛዝ ያዘጋጁታል። ኢንተርሊውኪን 6 እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ጉበታቸው ሲቀነስ እንደ ሌሎቹ አያገግሙም።

ትእዛዙን የሚያመጡት የዕድገት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቀዳሚው ኤች ጂ ኤፍ፣ በሙሉ ስሙ የሄፓቶሳይት ዕድገት ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓንና በአሜሪካ የሚሠሩ ቡድኖች ለየብቻቸው ደረሱበት፤ የጃፓኑን ሥራ ከመሩት አንዱ ቶሺካዙ ናካሙራ ነበር። ኤች ጂ ኤፍን የሚሠራው ሄፓቶሳይቱ ራሱ አይደለም፤ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ስቴሌት የተባሉት ሕዋሳትና የደም ሥሩን ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት። ተሠርቶም ሳይነቃ በሕዋሳቱ ዙሪያ ባለው መረብ ውስጥ ይቀመጣል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት ኢንዛይም መረቡን ሲያላላ ኤች ጂ ኤፍ ይፈታል፣ ይነቃል፣ ሄፓቶሳይቱ ላይ ካለው ሜት ከተባለ ተቀባይ ጋር ይያያዛል። ጉበቷ በተቀነሰ አይጥ ደም ውስጥ መጠኑ በጥቂት ሰዓታት ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። በ24ኛው ሰዓት ገደማ የአይጧ ሄፓቶሳይቶች ዲ ኤን ኤ የማባዛታቸው ሥራ ጫፍ ላይ ይደርሳል።

ሁለተኛው የዕድገት ንጥረ ነገር ኢ ጂ ኤፍ የሚባለው ነው። ይህን ያገኘው ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ኢ ጂ ኤፍ ከሚመነጭባቸው ቦታዎች አንዱ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ያሉ ዕጢዎች ናቸው፤ ከዚያ በፖርታል ቬይን በኩል ወደ ጉበት ይመጣል። የእርሱ ዘመድ የሆነውን ቲ ጂ ኤፍ አልፋን ደግሞ ሄፓቶሳይቱ ለራሱም ለአጠገቡም ይሠራል። ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይሸፍናል፤ ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሥራ ግን የሜት መንገድና የኢ ጂ ኤፍ ተቀባይ በአንድ ጊዜ ሲዘጉ የአይጦቹ ጉበት ማደግ አቃተው። ሰውነት እንዲህ ያለውን አስፈላጊ ሥራ ለአንድ መልእክተኛ ብቻ አልሰጠም።

አሁን ወደ ሆርሞኖቹ። ከሁሉም የምቆይበት ኢንሱሊን ነው፤ ሰው ሁሉ የስኳር ነገር ብቻ ያደርገዋልና። ኢንሱሊን ከቆሽት ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉበትን ነው፤ የቀረው የሰውነት ክፍል ከጉበት የተረፈውን ይካፈላል። እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ ያደረገው ቶማስ ስታርዝል በ1970ዎቹ በውሾች ላይ አንድ ነገር አሳየ። የፖርታል ቬይን ደም ጉበትን አልፎ በቀጥታ ወደ ትልቁ የደም ሥር እንዲሄድ ሲደረግ፣ ጉበቱ ሌላ ጉዳት ሳይደርስበት ሕዋሳቱ እየኮሰሱ ይሄዳሉ። በጉበቱ አንድ ወገን ኢንሱሊን ሲንቆረቆርለት ግን የዚያ ወገን ሕዋሳት ከመኮሰስ ይተርፋሉ። ያም ሆኖ ኢንሱሊን ብቻውን ሄፓቶሳይትን አያባዛም። የኤች ጂ ኤፍና የኢ ጂ ኤፍ ትእዛዝ እንዲሰማ ያደርጋል እንጂ ትእዛዙን አይሰጥም። ኖርአድሬናሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛም እንዲሁ አጋዥ ነው፤ ኢ ጂ ኤፍ እንዲመነጭም፣ ሕዋሱ ለዕድገት ንጥረ ነገሮች ይበልጥ ምላሽ እንዲሰጥም ይረዳል። የታይሮይድ ሆርሞን በአይጥ ጉበቱ ሳይቆረጥም ሕዋሳትን ሲያባዛ ታይቷል። የዕድገት ሆርሞን፣ ኤስትሮጅንና የሐሞት አሲዶችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በሐሞት አሲዶች ላይ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ለአባትዎ ጉዳይ ግን ሩቅ ስለሆነ ልለፈው።

ማስቆሙስ? ይህ ከማስጀመሩ ያነሰ ነገር አይደለም። ጉበት ከሰውነቱ ጋር የሚመጣጠን መጠን ሲደርስ ያቆማል፤ ትንሽ ጉበት ትልቅ ሰውነት ውስጥ ቢተከል እንኳ ለአዲሱ ሰውነት እስኪበቃ ድረስ ብቻ ያድጋል። ከሚያስቆሙት መካከል በጣም የታወቀው ቲ ጂ ኤፍ ቤታ ነው። ስሙ ቅድም ከጠራሁት ቲ ጂ ኤፍ አልፋ ጋር ይመሳሰላል፤ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። ሄፓቶሳይቱ እንዳይከፈል ይከለክላል፣ ስቴሌት ሕዋሳትን ደግሞ የጠባሳ ክር እንዲያመርቱ ያዝዛል። ይህን ስም አይርሱት።

እንግዲህ ወደ አባትዎ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚያስበው በሲሮሲስ የተያዘ ጉበት የሚያሳድገው ነገር አንሶት የቆመ ነው ብሎ ነው። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። ኤች ጂ ኤፍን በጃፓን ከሰው ደም ለይተው ሲያወጡ የተጠቀሙት ጉበታቸው በድንገት ሥራ ያቆመባቸውን ሕሙማን ፕላዝማ፣ ማለትም የደማቸውን ፈሳሽ ክፍል ነበር፤ እዚያ በብዛት ይገኝ ስለነበር ነው። በሲሮሲስ ሕሙማን ደም ውስጥም መጠኑ ከጤነኛ ሰው ይበልጣል። ትእዛዙ እየተላለፈ ነው ማለት ነው። ዝናቡ አላነሰም፤ መሬቱ ድንጋይ ለብሷል።

የለበሰበትም መንገድ ይህ ነው። ቫይረሱ በዓመታት ውስጥ ሄፓቶሳይቶችን በየጊዜው ያስቆጣል፣ ይገድላልም። ሰውነት የሞቱትን ለመተካት የቀሩትን ያባዛል፤ ይህ በራሱ መልካም ነበር። ነገር ግን ቁጣው ስለማይበርድ ስቴሌት ሕዋሳት ጠባያቸው ይለወጣል። ኤች ጂ ኤፍ ይሠሩ የነበሩት እነዚያው ጎረቤቶች ቲ ጂ ኤፍ ቤታን እየሰሙ ጠባሳ ማምረት ይጀምራሉ። ጠባሳው ጉበቱን ወደ ትናንሽ ጉጦች ይከፋፍለዋል። በደምና በሄፓቶሳይት መካከል የነበረው ስስና ቀዳዳማ ግድግዳ ይደፈናል፤ መልእክቱ ደርሶም ወደ ሕዋሱ መግባት ያዳግተዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ የፖርታል ቬይኑ ደም በጠጠረው ጉበት ማለፍ ሲያቅተው በጉሮሮና በጨጓራ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች በኩል ሌላ መንገድ ያወጣል። ከአንጀትና ከቆሽት የሚመጣው ኢንሱሊንና ሌላው ሁሉ ከፊሉ ጉበቱን ሳይነካ ያልፋል። የስታርዝል ውሾች ላይ የደረሰው፣ በሕመሙ ምክንያት በአባትዎ ላይም በከፊል እየደረሰ ነው። ለዓመታት ሲከፈሉ የኖሩት ሕዋሳትም በክሮሞሶማቸው ጫፍ ያለው ክፍል እያጠረ ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ከእንግዲህ መከፈል የማይችሉበት ደረጃ ላይ ይደርሳሉ።

በዚህ ላይ የዕድገት ንጥረ ነገር ብንጨምርስ? አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው። በሲሮሲስ ጉበት ውስጥ አሁንም መከፈል የሚችሉት ሕዋሳት ዲ ኤን ኤአቸው በቫይረሱና በቁጣው የተጎዳባቸውንም ይጨምራሉ። የሜት መንገድና የኢ ጂ ኤፍ መንገድ የጉበት ካንሰር ሕዋሳትም የሚያድጉባቸው መንገዶች ናቸው። ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣውም በጠጠረ ጉበት ላይ ነው። ማሳደግን ብቻ መፈለግ የትኛው ሕዋስ እንደሚያድግ ሳያውቁ ማዘዝ ይሆናል።

ሐኪሞች አልሞከሩም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአልኮል ምክንያት ጉበታቸው ክፉኛ ለተቆጣ ሕሙማን ኢንሱሊንና ግሉካጎን የተባለው ሌላው የቆሽት ሆርሞን በደም ሥር ተሰጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ውጤት ተስፋ ሰጠ፤ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን ጥቅሙን አላረጋገጡም፤ የደም ስኳር አደገኛ በሆነ መጠን የወረደባቸውም ነበሩ። ዘዴው ተተወ። ኤች ጂ ኤፍም በጃፓን ጉበታቸው በድንገት ሥራ ላቆመ ጥቂት ሕሙማን ተሞክሯል፤ የተለመደ ሕክምና ለመሆን ግን አልበቃም። እርስዎ የጠየቁትን ጥያቄ ዓለም በቁም ነገር ጠይቆታል፤ እስከ አሁን የተገኘው መልስ መርፌ አይደለም።

ዱቄቱን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። የዕድገት ንጥረ ነገሮች ፕሮቲን ናቸው። በአፍ የተወሰደ ፕሮቲን ጨጓራና አንጀት ውስጥ እንደ ሥጋና እንደ ሽምብራ ይፈጫል፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው እውነት ቢሆን እንኳ ንጥረ ነገሩ እንዳለ ጉበት አይደርስም። እውነት ካልሆነ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። በሕመም የተጨነቀ ቤተሰብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መሸጥ እጅግ ያሳዝነኛል። ጡንቻ ለማፋፋት የሚወሰዱ የወንድ ሆርሞን መርፌዎችም ጉበትን አያድሱም፤ በጉበት ላይ ዕብጠት እንደሚያስከትሉ በሚገባ ይታወቃል። የሥርና የቅጠል መድኃኒትንም በተመለከተ ሽማግሌዎቻችንን ማክበሬን ሳልተው አንድ ነገር ላስታውስ። በትግራይ ጣህታይ ቆራሮ አካባቢ ለዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ ሰው ይገድል የነበረ የጉበት ሕመም ነበር። ሲጠና ከእህል ጋር ከተቀላቀለ አረም የመጣ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ከተባለ መርዝ ጋር ተያያዘ። ይህ የመርዝ ዓይነት ሄፓቶሳይት እንዳይከፈል የሚያግድ ነው። «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚባለው አነጋገር ለጉበት አይሠራም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? መሬቱን ማዳን። አባትዎ የጀመሩት ኪኒን የሚሠራው ይህንን ነው። ሄፓቶሳይትን አያባዛም፤ ቫይረሱን አፍኖ ቁጣውን ያበርዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ቴኖፎቪር የተባለውን የሄፓታይተስ ቢ ኪኒን ለአምስት ዓመት የወሰዱ፣ ሲጀምሩ ሲሮሲስ የነበረባቸውና የጉበት ናሙናቸው በድጋሚ የታየ 96 ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ 71ዱ በአምስተኛው ዓመት ሲሮሲስ አልተገኘባቸውም። ጠባሳው ቀስ በቀስ ተሟሙቷል፤ ጉበቱም የራሱን ሆርሞኖችና የዕድገት ንጥረ ነገሮች እንደገና በአግባቡ መጠቀም ችሏል። እነዚህ ሰዎች እንደ አባትዎ ሆዳቸው ውሃ የቋጠረ አልነበሩም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በቀጥታ ለእርሳቸው አልሰጥም። ነገር ግን ሆዳቸው አብጦ የመጡ፣ ኪኒኑን ሳያቋርጡ ወስደው ውሃው የቀረላቸው ሰዎች በሕክምናው የታወቁ ናቸው። ዋናው ቃል «ሳያቋርጡ» የሚለው ነው። ደኅና ሆንኩ ብሎ ኪኒኑን ማቆም ቫይረሱን በድንገት ያስነሣል፤ በጠጠረ ጉበት ላይ ይህ ለሞት ሊያበቃ ይችላል።

ምግብን ብዙ ቤተሰብ ይሳሳትበታል። ጉበቱ ታሟል ተብሎ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና ጥራጥሬ ይከለከላል። ይህ ልክ አይደለም። ሕዋስ የሚከፈለው ፕሮቲን ሲኖር ነው፤ በሲሮሲስ የተያዘ ሰው ደግሞ ጡንቻው ቶሎ ይከሳል። በቀን በእያንዳንዱ የክብደት ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ሌሊቱን ባዶ ሆድ እንዳይሆኑም ከመኝታ በፊት አንድ ነገር ይቅመሱ። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አጥብቆ ይጾማል፤ አባትዎም የሚጾሙ ከሆነ ከረመዳን ወይም ከዐቢይ ጾም በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ፣ የሃይማኖት አባታቸውንም ያማክሩ። ረጅም ሰዓት ያለ ምግብ መቆየት ጡንቻቸውን ያስበላቸዋል። ጨው ግን መቀነስ አለበት፤ ሚጥሚጣ፣ በርበሬና ምጥን ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው የሚገባባቸው ስለሆኑ ለእርሳቸው ለብቻው ያለ ጨው ቢዘጋጅ መልካም ነው።

አልኮል ፈጽሞ ይቅር። ጫትም ይቅር እላለሁ፤ ከጉበት መቆጣት ጋር ተያይዞ በሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ ተዘግቧል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝቶ መውሰድ ለእርሳቸው አደገኛ ነው፤ ኩላሊታቸውን ሊጎዳ፣ ደም መፍሰስም ሊያስከትል ይችላል። ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳይበልጥ፣ በሐኪም ዕውቀት ይሻላል። በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልጋቸዋል፤ ከጉጦቹ አንዱ ወደ ካንሰር ቢለወጥ በጊዜ እንዲታይ ነው። በጉሮሮ ያሉት የደም ሥሮች ምን ያህል እንዳበጡ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ መታየት አለበት። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የሐረጎን መንገድ ይውጡና ደሴ ያድርሷቸው።

በነገራችን ላይ አባትዎ በሐይቅ ከተማ ዙሪያና በቦርከና ተፋሰስ ባለው አካባቢ በልጅነታቸው ውሃ ውስጥ ሲዋኙ ወይም በመስኖ ሲሠሩ ያደጉ ከሆነ የቢልሃርዚያ ምርመራም ይጠየቅላቸው። የቢልሃርዚያ እንቁላል በፖርታል ቬይን ቅርንጫፎች ዙሪያ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ሄፓቶሳይቶቹን ግን በአብዛኛው ሳይነካ ይተዋቸዋል። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ጉዳቱ ይብሳል፤ የቢልሃርዚያው መድኃኒት ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ ነው።

አሁን ስለ እርስዎ። ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል፤ በአንድ ማዕድ በመብላት አይተላለፍም፤ ስለዚህ የአባትዎን ሳህን አትለዩ። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን የየራስ ይሁን። እናትዎ፣ እርስዎና ወንድም እህቶችዎ ሁላችሁም ተመርመሩ። ቫይረሱ የሌለበትና መከላከያም ያላዳበረ ሰው ሦስት ዙር ክትባት ይውሰድ። ክትባቱ በኢትዮጵያ በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ በልጅነታችሁ እንዳልተከተባችሁ ቁጠሩት። ቫይረሱ የተገኘበት ካለ ምንም ሕመም ባይሰማውም ክትትል ይጀምር፤ ጉበቱ ገና ካልጠጠረ የራሱ ሆርሞኖችና የዕድገት ንጥረ ነገሮች ያለ እንቅፋት እየሠሩለት ነው።